በእኔ አፍ ውስጥ የተሰጠ ፈተና

ፈተና ሁሉ አንድ ዓይነት ይመስለኝ ነበር። ተማሪው ያጠናል፣ ወይም ያጠና ይመስላል፤ እስክሪብቶውን ይዞ ይገባል፤ ይጨነቃል፤ ይወጣል። ቢወድቅ በራሱ ጭንቅላት ነው፣ ቢያልፍም እንደዚያው። ሂሳብ ፈተና ላይ "ዛሬ ቁጥሮቹ አልመጡም፣ ገበያ ሄደዋል" የሚባል ነገር የለም። የጂኦግራፊ ካርታም በፈተናው መሃል ተነስቶ "ፈራሁ፣ ልሂድ" አይልም። የጥርስ ሕክምና የሚማሩ ልጆች ፈተና ግን እንዲህ አይደለም። እነሱ የሚፈተኑት በሰው አፍ ውስጥ ነው። አፉ ደግሞ ባለቤት አለው፤ ባለቤቱ ይፈራል፣ ይረሳል፣ ይቀራል፣ ይዋሻል። ዓመት ሙሉ የለፋችሁበት ነገር በሌላ ሰው መንጋጋ ላይ ተንጠልጥሎ ያውቃል?

ሆዳን ላይ ደርሶባታል።

ሆዳን ከቤታችን ጀርባ ያለችውን አንድ ክፍል ተከራይታ የምትኖር የጥርስ ሕክምና ተማሪ ነበረች። የኤረር ልጅ ናት፤ ቤተሰቦቿ ግመል አርቢዎች ናቸው፤ ከቤታቸው ኮሌጅ በመግባት እሷ የመጀመሪያዋ ናት። እናቴን "ኢዶ" ትላታለች፣ በሶማልኛ አክስቴ እንደማለት፤ እኔን ደግሞ "አባዮ"፣ እህቴ። እናቴ ጅጅጋ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ስለምትሸጥ ሶማልኛዋ ከእኔ በጣም ይሻላል። ሁለቱ አንዱን ወሬ በአማርኛ ጀምረው በሶማልኛ ሲጨርሱት እኔ መሃሉ ላይ እጠፋለሁ።

ስለ እኔ ብዙ የሚወራ ነገር የለም። ዓይን አፋር ነኝ። ምን ያህል እንደሆነ እንድትረዱልኝ አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁ። ባጃጅ ውስጥ "ወራጅ አለ" ማለት ስለማፍር፣ ሌላ ሰው እስኪወርድ እጠብቅና የቀረውን መንገድ በእግሬ እመለሳለሁ። አንድ ቀን የሚወርድ ሰው ጠፍቶ ከተማው አልቆ የካራማራ ተራራ ፊት ለፊት እስኪመጣ ድረስ ዝም ብዬ ሄጃለሁ፤ ባለባጃጁ ራሱ ዞሮ "አንቺ ልጅ፣ አዲስ አበባ ነው እንዴ የምትሄጂው?" ብሎ ነው ያወረደኝ። ስስቅም አፌን በእጄ እሸፍናለሁ። እዚያ ውስጥ ምን እንዳለ ለረጅም ጊዜ ማንም ያላወቀው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ፈተናው ልመለስ። የተግባር ፈተና ሲደርስ ኮሌጁ በሽተኛ አያዘጋጅም፤ ተማሪው ራሱ ፈልጎ ያመጣል። ያገኘውን ሁሉ አይደለም። ለሙሌት፣ ማለትም ጥርስ ለመሙላት፣ ፈተና የሚፈለገው የተበላ፣ ነገር ግን ጉድጓዱ ነርቩ ጋ ያልደረሰ መንጋጋ ጥርስ ነው። በጣም የታመመ አይሆንም፣ ጤነኛም አይሆንም። ስለዚህ በዚያ ወር ጅጅጋ ውስጥ አንድ የማታውቁት ወጣት ቀርቦ ቀልድ ካወራላችሁ ተጠንቀቁ። ሊያስቃችሁ የፈለገው ወድዷችሁ አይደለም፤ ጥርሳችሁን ሊያይ ነው።

ሆዳን በመጀመሪያው ዙር ያገኘችው በሽተኛ አዴር ጃማ የሚባሉ የግመል ነጋዴ ነበሩ፤ አዴር በሶማልኛ አጎቴ ማለት ነው። ጥርሳቸው ልክ የሚፈለገው ዓይነት ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ በስልክ ስትንከባከባቸው ከረመች። የፈተናው ዕለት ጠዋት ብትደውልላቸው፣

"ልጄ፣ አላህ ይመስገን፣ ተሽሎኛል!" አሏት በደስታ።

ባቢሌ ገበያ ላይ ነበሩ፤ በስልኩ ውስጥ ግመል ሲጮህ ይሰማ ነበር። እውነታቸውን ነው እኮ። ማን ነው የማያመውን ጥርስ ተሸክሞ ሐኪም ቤት የሚሄደው? እሷ ነጭ ጋወኗን እንደለበሰች እስከ ስድስት ሰዓት ክሊኒኩ በር ላይ ቆመች። ወረቀቷ ላይ "በሽተኛ አላቀረበችም" ተብሎ ተጻፈ። ሁለተኛ ዕድል ተሰጣት፤ ሦስተኛ ግን የለም። ከወደቀች ዓመቱን ትደግማለች፤ አባቷ ደግሞ የምትደግመው ዓመት እንደሌለ ቀድመው ነግረዋታል። "ወይ ጨርሰሽ ነይ፣ ወይ ዝም ብለሽ ነይ" ነበር ያሏት።

በዚያው ሰሞን አንድ እሁድ ከሰዓት በር ላይ ተቀምጠን የባቢሌ ኦቾሎኒ እየፈለፈልን እንበላለን። የሆዳን እጅ ድንገት አየር ላይ ቆመ።

"አባዮ፣ ለምንድነው በግራ ብቻ የምታኝኪው?"

"እንዲሁ ነው።"

"እንዲሁ የሚባል ነገር የለም። ክፈቺ።"

እጄን ወደ አፌ ስወስድ እጄን ያዘችኝ። የስልኳን መብራት አብርታ አየች፣ አሁንም አየች፤ ከዚያ "ወላሂ!" ብላ ተነስታ ቆመች። "ኢዶ! ኢዶ፣ ነይ እይ! ከተማውን ሙሉ ስዞር ቤታችን ውስጥ ነበረች!"

እናቴ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጣች። የልጇን ጥርስ መበስበስ እንደ ምሥራች የሰማች እናት ምን እንደምትል ግራ ገብቷት ሁለታችንንም አየችን።

"እና ልዘን ወይስ እልል ልበል?"

"እልል በይ ኢዶ! አሳምሬ ነው የምሞላላት።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥርሴ እንደ አንድ የግቢው ሰው ተቆጠረች። ሆዳን ጠዋት ስታገኘኝ "እንዴት አደረች?" ነው የምትለው። እኔ እንዴት እንዳደርኩ የሚጠይቅ ቀረ። ከረሜላ ተከለከልኩ፤ ሻይ ለብ ብሎ ሆነ፤ ኦቾሎኒማ ስሙም አይነሳ። ጥርሷ እንድትድን አይደለም የምንጠብቃት። ባለችበት እንድትቆይ ነው፤ እንዳትብስም፣ እንዳትሻልም። ፈተናው ሐሙስ ነበር።

"አንድ ነገር ብቻ አደራ" አለችኝ ሆዳን። "ምንም ሳትበዪ፣ እንዲሁ ቁጭ ባልሽበት ካመመሽ ወዲያው ንገሪኝ። ያኔ ነርቩ ጋ ደርሷል ማለት ነው፤ ለፈተና አይሆንም። ቀን ካለኝ ሌላ እፈልጋለሁ።"

"እሺ" አልኳት።

ሰኞ፣ ጂኦግራፊ ክፍል ውስጥ፣ ምንም ሳልበላ፣ እንዲሁ ቁጭ ባልኩበት አመመኝ።

መጀመሪያ እንደ ትንሽ ንዝረት ነበር። መምህሩ ስለ ዝናብ አመጣጥ ሲያስረዱ ንዝረቱ ወደ ጆሮዬ ወጣ፤ ደመናው ተራራው ጋ ሲደርስ ግማሽ ፊቴ በሙሉ ይመታ ጀመር። ደብተሬ ላይ የጻፍኩት መስመር ተጣሞ ከገጹ ወጥቷል። ቤት ስደርስ ሆዳን ጋወኗን አጥባ እያሰጣች ነበር፤ ለሐሙስ።

"እንዴት ዋለች?"

"ደህና።"

ሦስት ፊደል ናት። ከአፌ ስትወጣም አላመመችኝም፤ ያመመችኝ ከወጣች በኋላ ነው። በሦስት ቀን ውስጥ ሌላ ጥርስ ከየት ታመጣለች ብዬ ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን ደግነት ብቻ አልነበረም። "አመመኝ" ማለትና "ወራጅ አለ" ማለት ለእኔ አንድ ናቸው። ሰው ሁሉ ይዞራል፤ የሚሄደው ነገር ይቆማል፤ ያቆምሽው አንቺ ነሽ።

ማክሰኞና ረቡዕ ከማዕድ ቤት ቅርንፉድ እየሰረቅሁ ጥርሴ ላይ እነክስ ነበር። እናቴ "ይቺ ልጅ ምን ሆና ነው እንዲህ ቅርንፉድ ቅርንፉድ የምትሸተው? ሻይ ቤት ልትከፍት ነው?" አለች። ሆዳንም ሳቀች። ማስቲካ ነው አልኳቸው። ዋሽቼ የማላውቅ ልጅ ስለነበርኩ ማንም አልጠረጠረኝም፤ እንዲህ ዓይነት መልካም ስም ለውሸታም እንዴት እንደሚመች ያን ሳምንት ተማርኩ።

ረቡዕ ዘንቦ ስለነበር የትምህርት ቤት ጫማዬ ረጠበ። ሐሙስ ጠዋት በነጠላ ጫማ ሄድኩ። ይህን የምነግራችሁ በከንቱ አይደለም።

ፈታኙ ከሌላ ከተማ የመጡ፣ ጸጉራቸው የሸበተ፣ ድምፃቸውን የማያነሱ ዶክተር ነበሩ። እንዲህ ያለ ሰው ከሚጮህ ሰው ይልቅ ያስፈራል። የእጅ ሰዓታቸውን አውልቀው መስኮቱ ላይ አስቀመጡና "አንድ ሰዓት ተኩል" አሉ፤ ሌላ ንግግር የለም። ክፍሉ ውስጥ ሦስት ወንበር፣ ሦስት ተማሪ፣ ሦስት የተከፈተ አፍ አለ። አጠገቤ ያለው ወንበር ላይ የተጋደመው ሰውዬ ደረቱ ከበር የሚሰፋ ነበር፤ ተማሪው ገና መርፌውን ሲያነሳ "ሆዮ!" ብሎ እናቱን ተጣራ። እንዴት እንደቀናሁበት!

ሥራው ከመጀመሩ በፊት ዶክተሩ በሽተኛውን ራሳቸው ያያሉ፤ ጥርሱ ለፈተና ይሆናል ካሉ ወረቀቱ ላይ ይፈርማሉ። እኔ ጋ ደረሱ።

"የኔ ልጅ፣ ምንም ሳትበዪ ያምሻል?"

"አያመኝም።"

"ከእንቅልፍሽ ይቀሰቅስሻል?"

"አይቀሰቅሰኝም።"

የመስታወታቸውን እጀታ ገልብጠው ጥርሴን አንኳኩ። ኳ፣ ኳ። ጣሪያው ላይ ያለው አምፖል ሁለት ሆነ፣ ከዚያ ሦስት። "ይኼስ?" አሉ። አያምም እንደማለት ራሴን ነቀነቅኩ። ሆዳን ከኋላቸው ቆማ ታየኛለች። ዶክተሩ ፈረሙ።

ሆዳን ጎንበስ አለችብኝ። ከአፍ መሸፈኛው በላይ ዓይኖቿ ብቻ ይታያሉ። "ካመመሽ ግራ እጅሽን አንሺ፤ ወዲያው አቆማለሁ። እሺ?"

"እሺ" አልኩና በግራ እጄ የወንበሩን ክንድ ጥርቅም አድርጌ ያዝኩት። እንዳይነሳ።

መርፌው ተወጋ። ከንፈሬ ደነዘዘ፣ ምላሴ ደነዘዘ፣ አገጬ የሌላ ሰው ሆነ። ጥርሷ ግን አልደነዘዘችም። የተቆጣ ነርቭ ማደንዘዣ በቀላሉ አይቀበልም፤ ይህን ያወቅኩት በኋላ ነው። ሆዳን በመንካት ሞከረችኝ፤ "ይሰማሻል?" አይሰማኝም አልኳት። መሰርሰሪያው መጮህ ጀመረ። የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ይቻሉ ነበር። ከዚያ ወደ ውስጥ ገባ።

"ያማል?"

ራሴን ነቀነቅኩ።

"እርግጠኛ ነሽ?"

አዎ እንደማለት ነቀነቅኩ። ፊቴን ገዝቼዋለሁ፤ ዕንባዬን ወደ ውስጥ መልሼዋለሁ፤ እጄን አስሬዋለሁ። መስኮቱ ላይ ያለውን ሰዓት በዓይኔ ጭራ እያየሁ ደቂቃ እቆጥራለሁ። ሁሉም ነገር በቁጥጥር ሥር ነበር፣ አንድ ነገር ሲቀር። ለእግሬ ማንም አልነገረውም።

ቀኝ ነጠላ ጫማዬ ሲሚንቶው ላይ ወደቀ። ጧ!

መሰርሰሪያው ቆመ።

"ለምን አቆምሽ?" አሉ ዶክተሩ ከወዲያ ማዶ። "አርባ ደቂቃ ነው የቀረሽ።"

"አሟታል ዶክተር።"

"እሷ አያመኝም እያለች ነው።"

"አፏ ነው የሚለው። እግሯን ይዩት።"

ሁሉም እግሬን አዩት። ዶክተሩ፣ ተማሪዎቹ፣ አጠገቤ ያለው ሰውዬ ሳይቀር ቀና ብሎ አየ። አምስቱ ጣቶቼ እንደ ቡጢ ተጨብጠዋል። ልፈታቸው ሞከርኩ፤ እምቢ አሉ። በሕይወቴ የሰው ዓይን እንዲህ የበዛብኝ ቀን የለም፤ ያውም በእግር ጣት።

ሆዳን የአፍ መሸፈኛዋን አወረደች። "አባዮ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለችኝ። ከዚያ መልሴን ሳትጠብቅ፣ ለራሷ፣ በጣም ቀስ ብላ "ቅርንፉዱ..." አለች።

ያን ጊዜ የገባኝን ልንገራችሁ። አሁንም "አያመኝም" ብል ትቀጥል ይሆናል፤ ትሞላዋለች፤ ታልፋለች። ጥርሴ ከሥር ይበሰብሳል፣ ማንም አያውቅም። እውነቱን ከተናገርኩ ደግሞ ኤረር ትመለሳለች፤ ዝም ብላ። ሆዳን ግን መሰርሰሪያውን መስቀያው ላይ አስቀምጣ ሁለት እጇን አጣምራ ትጠብቀኝ ነበር። ሰዓቱን ዞር ብላ እንኳ አላየችም።

"ሰኞ" አልኩ። በደነዘዘ ከንፈር "ሰኞ" ማለት ቀላል እንዳይመስላችሁ።

"ምንም ሳትበዪ?"

"ምንም ሳልበላ።"

ዶክተሩ መጥተው የፈረሙበትን ወረቀት አነሱ። ፊርማቸውን ለረጅም ጊዜ አዩት።

"እኔን ለምን ዋሸሽኝ የኔ ልጅ?"

"እንዳትወድቅ ብዬ።"

ከአጠገቤ ካለው ወንበር ሰውዬው አፉ እንደተከፈተ "እህህ" ሲል ሰማሁ፤ ሐዘን ይሁን የራሱ ሕመም አላወቅኩም። ዶክተሩ ወደ ሆዳን ዞሩ።

"ታዲያ አሁን ምን ታደርጊያለሽ?"

"ማደንዘዣ እጨምርላታለሁ። ነርቩን ከፍቼ መድኃኒት አደርግበታለሁ፣ በጊዜያዊ እሸፍነዋለሁ፣ ቀጠሮ እሰጣታለሁ።"

"የምትፈተኚው በሙሌት ነው።"

"አውቃለሁ።"

"ሙሌት ካልሠራሽ የሙሌቱ ነጥብ ዜሮ ነው።"

"አውቃለሁ ዶክተር። የሚሞላ ጥርስ ግን አይደለም።" እጇ መርፌውን እያዘጋጀ ነው። ወደ እኔ ጎንበስ ብላ በጆሮዬ "አሁን ደግሞ አሞሽ እጅሽ ካልተነሳ ኢዶን ነው የምጠራልሽ" አለችኝ።

ትንሽ ቆይቶ የመሰርሰሪያው ጫፍ ሲሰማኝ ግራ እጄን አነሳሁ። ቆመች። ጨመረችልኝ፤ ጠበቀች፤ ቀጠለች። ሁለተኛ አነሳሁ። ቆመች። ሦስተኛ ያነሳሁት፣ እንግዲህ አንዴ እውነት መናገር ከጀመርኩ ልጨርሰው፣ አሞኝ አልነበረም። እውነት ትቆም እንደሆነ ለማየት ነው። ቆመች።

ሲያልቅ ሰዓቱ አራት ደቂቃ አልፎ ነበር።

ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ውጤት ስንጠብቅ ሆዳን አላናገረችኝም። ነፋሱ አቧራውን እያነሳ ፊታችን ላይ ይበትናል፤ እኔ ግማሽ አፌ ደንዝዞ ምራቄን በመሐረብ እጠርጋለሁ። ይቅርታ ልል ብዙ ጊዜ አፌን ከፈትኩ፤ የሚወጣው ግን ትንፋሽ ብቻ ነው። በመጨረሻ እሷው ተናገረች።

"አዴር ጃማ አላመመኝም ብለው ጣሉኝ። አንቺ ደግሞ አሞሽ አላመመኝም ብለሽ። እኔ ከማን ጥርስ ጋር ልኑር?"

በሩ ተከፍቶ ዶክተሩ ወጡ። ሆዳን ተነሳች፤ እኔም ለምን እንደሆነ ሳላውቅ ተነሳሁ። ወረቀቱን እያዩ ነበር የሚናገሩት።

"ሙሌት፣ ዜሮ። ምርመራ ላይም ቀንሼብሻለሁ፤ ቅርንፉድ ቅርንፉድ የሚሸት በሽተኛ ይዘሽ መጥተሻል።" ሆዳን አንገቷን ደፋች። "የማይሆን በሽተኛ አቅርበሻል ብዬ ልጥልሽ እችል ነበር። ነገር ግን ይሆናል ብሎ የፈረመው ማነው? ያን ጥርስ እኔም በእጄ አንኳኩቻለሁ።" ወረቀቱን አጠፉት። "አቁመሽ ነርቩን ስላከምሽ ጥቂት ነጥብ ተርፎሻል። አልፈሻል፣ ግን እንዳትኩራሪ።"

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "አንቺ ግን ወድቀሻል" አሉኝ፤ ፈገግም አላሉ።

ሆዳን ሳቀችና አለቀሰች፤ የትኛው እንደቀደመ እንጃ። እኔ በሕይወቴ የወደቅኩበት ብቸኛ ፈተና ይህ ነው፤ እንደዚያ ቀን ግን ደስ ብሎኝ ቤቴ ገብቼ አላውቅም።

ይኸው ዓመት አለፈው። ባጃጅ ውስጥ "ወራጅ አለ" ማለት አሁንም አልቻልኩም። ግራ እጄን ግን አነሳለሁ። ባለባጃጁ በመስታወቱ ያየኛል፤ ይቆማል።

ሆዳን ኤረር አንድ ትንሽ ክሊኒክ ውስጥ ትሠራለች። ባለፈው እናቴ ጨርቅ ልታመጣ ድሬዳዋ ስትሄድ አብሬያት ሄድኩና ኤረር ድረስ ዘለቅን። የሆዳን ክፍል በር ላይ ጫማ በጫማ ሆኗል፤ ሳንዳል፣ ነጠላ ጫማ፣ የወታደር ቡትስ ሳይቀር ተደርድሯል። ተራ የሚጠብቁ አንዲት እናት "እዚህ ሐኪሟ ጫማ ሳያወልቁ አታክምም፤ ንጹሕ ናት፣ አቧራ አትወድም" ብለው በአድናቆት አስረዱኝ። አጠገባቸው ያሉት ሽማግሌ ደግሞ ክብር ነው እንጂ የአቧራ ጉዳይ አይደለም ብለው ተከራከሩ። እኔ ዝም አልኩ። ዝም ማለት እንደሆነ ለእኔ አዲስ አይደለም።

ተራዬ ሲደርስ ገባሁ። ላይኛው ጥርሴ ሰሞኑን ትንሽ ይነካካኛል፤ ብዙ አይደለም፣ የሚወራ ነገርም የለውም። ጫማዬን በሩ ላይ አውልቄ ወንበሩ ላይ ወጣሁ። ሆዳን አቀፈችኝ፣ ስለ ትምህርቴ ጠየቀችኝ፣ ጓንቷን አጠለቀች፣ መስታወቷን አነሳች። አፌን ከፈትኩላት። እሷ ግን ወደ አፌ አላየችም።

"አባዮ" አለችኝ፤ "ካልሲውንም።"